ሁሌ ሙሉ የሚለው ጌጅ

ሚስቴን ጋራዥ ውስጥ «ፊውዝ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚላት የለም፤ ከጀርባዋ ግን እኔም ጭምር እንላታለን። ስሙ በሙያዋ የወጣላት እንዳይመስላችሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሌላም ሞልቷል፤ እሷ ስሙን ያገኘችው በአመሏ ነው። ትንሽ ሲበዛባት ቱግ ትላለች፣ ግቢው ይናወጣል፣ ከዚያ ድርግም። ብዙም ሳትቆይ ያንኑ የተቆጣችውን ሰው «ሻይ ጠጥተሃል?» ስትለው ትሰማላችሁ። ከእሷ ጋር ስኖር ፀጉሬ ነጭ ሆኗል፤ አኩርፋኝ ያደረችበት ቀን ግን የለም። ቂም የሚባል ነገር እሷ ሆድ ውስጥ አይከርምም። አንድ ነገር ሲቀር። የምነግራችሁም ስለዚያ አንድ ነገር ነው።

የምንሠራው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ያረጁ የጦር መኪናዎችን እያሳደሰ የሚያቆም ሰው ስለሆነ ሰብሳቢው እንለዋለን። ከየወደቁበት እየጎተተ ያመጣቸዋል፤ ጎማቸው የበሰበሰ፣ መስታወታቸው የረገፈ፣ ወንበራቸው ውስጥ ድመት የወለደችባቸው። እኔ ወንበራቸውን አለብሳለሁ፣ ሸራቸውን እሰፋለሁ። እሷ ደግሞ ሽቦ ሽቦአቸውን ይዛ ትገባለች። ሰብሳቢው አንድ አመል አለው፤ መኪናው ባይንቀሳቀስ ግድ የለውም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ሁሉ ግን እውነት መናገር አለበት። በተለይ የነዳጁ። «ውሸታም ጌጅ ያለው መኪና አላቆምም» ይላል። እሱና ሚስቴ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

የነዳጅ ጌጅ ምርመራ ቀላል ይመስላል። ታንከሩ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ፤ ነዳጁ ሲሞላ ከነክንዱ ይነሳል፣ ሲጎድል ይወርዳል። ክንዱ ሲነሳና ሲወርድ ከታንከሩ ራስ ላይ በምትወጣ አንዲት ሽቦ በኩል ለጌጁ ይነግረዋል። ነገሩ ይሄው ነው። ግን ተንሳፋፊው ከኋላ፣ ጌጁ ከፊት ስለሆነ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ። እሷ ተንሳፋፊውን ነቅላ በእጇ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ቁልፍ ከፍቼ ቀስቱን አያለሁ። ትዳራችን ግማሹ ያለፈው በዚህ ጩኸት ነው።

«አሁንስ?»

«ሩብ!»

«አሁንስ?»

«ግማሽ!»

«ግማሽ ነው ወይስ ግማሽ ይመስልሃል?»

«ግማሽ ነው፣ ሴትዮ!»

«መነጽርህን አድርገሃል?»

አላደረግኩም። እንዴት እንደምታውቅ እሷና ፈጣሪ ይወቁት።

አንድ ጊዜ እሷ በሌለችበት ባለሙያ ልሁን ብዬ ነበር። በቤት መኪና ያየሁትን ይዤ የታንከሩን ሽቦ ነቀልኩና ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው የብረት አጽም ጋር አነካካሁት፤ ጌጁ ሙሉ ይላል ብዬ ስጠብቅ ባዶ አለ። ሞቷል ብዬ ፈትቼ ብረት ክምር ላይ ወረወርኩት። ስትመጣ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። «ከነነፍሱ ነው የቀበርከው!» ብላ ክምሩን በእጄ አስገለበጠችኝ። በእነዚህ መኪናዎች ነገሩ ግልብጥ ነው ለካ፤ ሽቦው ሻንሲ ሲነካ ባዶ፣ ሽቦው ሲነቀል ሙሉ። ነዳጅ የሚሸጡ ሌቦች በዚህ ነበር የሚወዷቸው። ነዳጁን ይቀዱና ሽቦዋን ይነቅላሉ፤ ባለቤቱ ጠዋት ቁልፍ ሲከፍት ጌጁ ሙሉ ይለዋል። ይህን ሌብነት የማያውቅ የድሮ ሾፌር የለም። የሚስቴ ቤተሰብ የፈረሰውም በዚህ ነው።

ሦስት ናቸው። ትልቁ ወንድም ጋሼ ናቸው፤ እኔም እንደ እሷ ወንድም ጋሼ ነው የምላቸው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ታናናሾቻቸውን በሹፍርና ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። መሐል ሚስቴ አለች። የመጨረሻው ትንሹ ነው። ዛሬ ሽበት ወሮት፣ ልጅ ድሮ፣ ቦርጭ አውጥቶም ትንሹ ነው የሚባለው።

ወንድም ጋሼ በደህናው ጊዜ ጦሩ ያስወገደውን አንድ ካሚዮን ገዙ፣ አሸዋና ድንጋይ ሊያመላልሱበት። እናታቸው ግን ያን ካሚዮን በክፉ ዓይን ነበር የሚያዩት። አንድ የራሳቸው ወንድም እንዲህ ባለ መኪና ተጭኖ ሄዶ ስለቀረ «የጦር መኪና ሰው ሲወስድ እንጂ ሲመልስ አላየሁም» ይሉ ነበር። በአጠገቡ ሲያልፉ እንኳ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው። ከዚያ እናትየው ታመሙ። ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ አለ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሌላ መኪና የለም። «በእግሬ እሞታለሁ እንጂ እሱ ላይ አልወጣም» አሉ።

ወንድም ጋሼ አልተከራከሩም። ታንከሩን አወረዱ፣ ናፍጣውን በበርሜል ቀዱ፣ በዚያው ናፍጣ የሻንሲውን የቆየ ቅባትና ጭቃ አንድም ሳያስቀሩ አጠቡ። ከዚያ ብሩሽ ይዘው ማንንም ሳያስጠጉ ካሚዮኑን ከአናቱ እስከ ታንከሩ ሆድ ሰማያዊ ቀቡት። ደግመው ቀቡት። የተረፈውን ናፍጣ መለሱ፤ ቁልፍ ሲከፍቱ ጌጁ ሙሉ አለ፤ ደስ አላቸው። እናትየው በራፉ ላይ ቆመው አዩትና ሳቁ። ሚስቴ ያን ሳቅ ዛሬም ታስመስለዋለች። «አንተ ልጅ፣ መኪና መሆኑን አስረሳኸኝ» አሉ፤ እሺም አሉ።

ከመንገዱ በፊት ባለው ሌሊት ትንሹ ጋቢና ውስጥ ተኛ፣ ለጥበቃ። ጠዋት ተነሡ። ሚስቴ ያኔ ገና ኮረዳ ነበረች፤ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ካሚዮኑ አሳለውና ቀጥ አለ። ዝናብ ይዘንባል፤ ጌጁ ሙሉ ይላል። ወንድም ጋሼ ወርደው ታንከሩ ራስ ላይ ያለችውን ሽቦ ገና በጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ውልቅ ብላ እጃቸው ላይ ቀረች። ይዘዋት ወደ ትንሹ ዞሩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። «ሌሊት ነዳጁን ሸጠህ ሽቦውን ነቀልከው። እናቴ አንድ ነገር ብትሆን የገደልካት አንተ ነህ» አሉት፣ በጥፊም መቱት። ትንሹ እናቱን አንዴ አየና ቁልቁል ሮጦ ጠፋ። በኋላ አንድ አላፊ መኪና እናትየውን አነሳቸው፤ ሆስፒታል ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ ሳይነጋ አረፉ። ሐኪሞቹ «በሽታው ከባድ ነበር፣ ጠዋት ብትደርሱም ላይተርፉ ይችሉ ነበር» ብለዋል። ወንድም ጋሼ ግን ይህን የሚሰማ ጆሮ አልነበራቸውም። «ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ሮጠ?» ይላሉ ስንት ዘመን ሙሉ። ካሚዮኑን አስጎትተው ግቢያቸው ጥግ አቆሙት፣ ሸራ አለበሱት፣ ያን ሸራ የሚነካ ወዮለት አሉ።

ትንሹ ከተማው ታችኛው ጫፍ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አንዱ ሳሎን ከገባ ሌላው ጓዳ ይቀመጣል፤ ሚስቴ መሐላቸው እየተመላለሰች አረጀች። ወንድም ጋሼ የወንድማቸውን ስም አይጠሩም፤ «ያ ሰው» ነው የሚሉት። እሷ ግን ከትንሹ መጋገሪያ ትኩስ ዳቦ እየገዛች በየጊዜው ትወስድላቸዋለች። «ከየት ነው?» ሲሏት «ከሱቅ» ትላለች። «ጥሩ ጋጋሪ ነው» ይላሉ እያላመጡ። እሷ ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ያ አንድ ቂም ይሄ ነበር። ትንሹ አላደረገውም ብላ ታምናለች፤ ማስረጃ ግን የላትም። ሙያውን የተማረችው ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ መጠየቅም አያስፈልገኝም። ሳህን ስታጥብ ብቻዋን ስታወራ እሰማታለሁ፤ «አንድ ቀን ያን ታንከር እከፍተዋለሁ። ያን ቀን ጋሼን ቁጭ አድርጌ የምለውን አውቃለሁ!» ሳህኑ ይንኳኳል። እኔ ለሳህኑ እሰጋለሁ።

ቀኑ መጣ። ወንድም ጋሼ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ ብቻቸውን መኖር ስላቃታቸው ልጃቸው ቤት ሊገቡ ሆነ። ግቢው ሲለቀቅ ካሚዮኑ የት ይግባ? «ለሰብሳቢው ይሰጥ፤ እጇን የምታገባበት ግን እህቴ ትሁን» አሉ። ሲያስረክቡን እንዲህ ነበር ያሉት፦

«ምንም አልጎደላትም፣ ባትሪ ብቻ ነው። ጌጁንም እዚያው መንገድ ላይ ፈትሼዋለሁ። ሽቦውን ሻንሲ ሳስነካው ባዶ አለ፣ ስለቀው ሙሉ አለ። ጌጁ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ያልነበረው ሰው ነው።»

ሚስቴ በመንገድ ላይ ግን «ጌጁን ነው እኮ የፈተሸው» አለችኝ። «ታንከሩንስ ማን ፈተሸው?»

ግቢ አስገብተን ሸራውን ስናነሳ ሰማያዊው ቀለም ፀሐይ ስላልነካው ያው እንዳለ ነበር። ሚስቴ ጋቢናውን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። ባትሪ አገናኘች፣ ታንከሩን በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገችው፤ ባዶ ነው። ሽቦዋ ወንድም ጋሼ እንደለቀቋት ተንጠልጥላለች። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ መነጽሬን ሳልጠየቅ አደረግኩ፣ ቁልፍ ከፈትኩ። ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ሽቅብ ወጣ።

«ሙሉ!» አልኩ።

«ሽቦው ስለተነቀለ ነው። ሻንሲ አስነካሁት፣ አሁንስ?»

«ባዶ!»

«እሺ፣ እስከዚህ ጋሼ ልክ ነው። አሁን ሽቦውን ቦታው እሰካዋለሁ። ታንከሩ ባዶ ስለሆነ ባዶ ማለት አለበት። ሰካሁት። አሁንስ?»

«ሙሉ!»

«ቀልድህን ተው።»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው! ሙሉ ነው የሚለው።»

ድምፅ ጠፋ። ስትቆጣ ለምጃለሁ፣ ዝም ስትል ግን ያስፈራኛል። ወርጄ ዞርኩ። የእጅ ባትሪ አብርታ ታንከሩ ራስ ላይ ደፍት ብላለች። ሽቦዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆብ አለች፤ ያቺ ቆብ ከታንከሩ ራስ ብቅ ያለች የናስ ዘንግ ላይ ነው የምትሰካው። ብረት ለብረት ካልተነካካ ጌጁ ወሬ አይደርሰውም። ዘንጓ ግን ናስ አትመስልም፤ ከሥር እስከ ጫፍ ሰማያዊ ናት። ቀለሙ ድርብ ነው፣ ቆቧ ግማሽ ድረስ እንኳ አትገባም፤ አንድም ቦታ አልተጫረም።

ቀለም የቀባ ሰው ዘንጓን ሸፍኖ መቀባት ነበረበት፤ ወንድም ጋሼ ቸኩለዋል፣ እናታቸው እየጠበቁ ነበር። ካሚዮኑ ከተቀባበት ሰዓት ጀምሮ ሽቦዋ ተሰካችም አልተሰካችም ያው ነበረች። ለዚህ ነው ገና ሲነኳት የወለቀችው። ለዚህ ነው የመለሱት ናፍጣ ግማሽ ይሁን ሩብ ሳያውቁ ጌጁ ሙሉ ያላቸው። የጎደለው ናፍጣ ደግሞ ሻንሲውን ያጠቡበት ነው። የሰረቀ የለም። የነቀለ የለም። እናታቸው እንዳይፈሩ ብለው ያደረጉት ነገር ሁሉ ተደምሮ ነው ዳገት ላይ ያስቀራቸው።

ሚስቴ የካሚዮኑ መረገጫ ላይ ተቀመጠች። የዓመታት ንግግሯን አሁን እሰማዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«ይሄን እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?» አለች። «ለእናቱ ብሎ የቀባውን?»

«ፊቂውና ዝም በይ» አልኳት። «ሁለት ደቂቃ በብርጭቆ ወረቀት። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው።»

«ትንሹስ?» አለች። «ዕድሜውን ሙሉ ሌባ ሆኖ የኖረውስ?»

የብርጭቆ ወረቀቱን ከቱታዋ ኪስ አወጣች፣ አየችው፣ መለሰችው፣ ደግሞ አወጣችው። ያንን ቀለም ከፋቀችው የትንሹ ምስክር አብሮ ይፋቃል። ካልፋቀችው ወንድም ጋሼን በእጇ ትሰብራቸዋለች። በማግስቱ ቤት ስለሚቀይሩ ካሚዮኑን ሊሰናበቱ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ ልከው ነበር። በመጨረሻ «የእሱ ነገር ነው፤ እሱ ይወስን» አለችና ትንሹን እንድጠራው ላከችኝ።

ትንሹ እንደሆነ ጠይቆ የሚመጣ ሰው አይደለም፤ «እህትህ ትፈልግሃለች» አልኩት፤ ክንዱ ላይ ያለውን ዱቄት ሳያራግፍ መጣ። ካሚዮኑን ሲያይ እግሩ ተያዘ። እሷ እጁን ይዛ አቀረበችው፣ አበራችለት፣ ቆቧን በዘንጓ ላይ ሰክታ እኔን ቁልፍ አስከፈተችኝ። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ከጦር መኪና ጋር ያደገ ሰው ነው፤ ልብ ካየ ዓይን ያያል።

ትንሹ እጁን ዘርግቶ «ያን ወረቀት ስጪኝ» አላት።

«ለምንህ?»

«ስጪኝ አልኩሽ።»

ሰጠችው። ዘንጓን በሁለት ጣቱ ይዞ መፋቅ ጀመረ። ሚስቴ ያኔ ፊውዝ ሆነች።

«አንተ አብደሃል? ምስክርህን እኮ ነው የምታጠፋው! ይሄን እስካገኝ ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ!»

እሱ እጁን አላቆመም። «አንቺ አወቅሽልኝ፣ በቃኝ» አላት። «እኔ ለምጄዋለሁ። እሱ በዚህ ዕድሜው ተነግሮት መቼ ይለምደዋል?»

እሷ ተቀምጣ የቱታዋን ጫፍ ፊቷ ላይ አደረገች። ትንሹ ይፍቃል። ሰማያዊው ቅርፊት ዱቄት የነካው መዳፉ ላይ ይረግፋል። ያ ሁሉ ሆኖ የወንድም ጋሼን ከዘራ ድምፅ የሰማ ከመሐላችን አንድም አልነበረም። ልጃቸው በር ላይ ጥላቸው ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሄዳለች፤ እሳቸው መንገዱን በካሚዮኑ ጎን እየዳበሱ መጥተዋል።

«ማነው እዚያ?» አሉ። «ምን ይፋቃል?»

«ሠራተኛ ነው፣ ጋሼ» አለች ሚስቴ ተስፈንጥራ። መዋሸት አትችልበትም።

ወንድም ጋሼ ቆሙ። አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። «ዳቦ ዳቦ ይላል ሠራተኛሽ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠጠረ። «ያ ሰው ነው። ከካሚዮኔ ላይ እጅህን አንሳ።»

ትንሹ እጁን አነሳ። «ሄድኩ ጋሼ። ዝገት ይዟት ነው፤ እሱን ፍቄላት ነው።»

«የምን ዝገት?»

«የሽቦው መሰኪያ። ናሷ ዝጋ ነው።»

«ናስ ሸራ ሥር ተቀምጦ አይዝግም» አሉ ወንድም ጋሼ። ዓይናቸው ቢደክምም ሾፌርነታቸው አልደከመም። ከዘራውን ታንከሩ ላይ አስደግፈው በዳበሳ የትንሹን ክንድ አገኙ፣ ወደ መዳፉ ወረዱ። ትንሹ ጨብጦ ሊደብቅ ሞከረ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈቷቸው። ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። ደግመው አሹት።

«ዝገት ይፈረፈራል» አሉ በቀስታ። «ይሄ የተላጠ ነው። ይሄ ቀለም ነው።»

ወንድም ጋሼ እጃቸውን ልከው ዘንጓን አገኟት፤ ግማሿ ልሙጥ ናስ፣ ግማሿ ገና ቀለም። ጣታቸው መሐሏ ላይ ቆመ። ሚስቴ እጄን ስትጨብጥ አጥንቴ ተንቋቋ። ሽማግሌው በሐሳባቸው ቁልፍ ሲከፍቱ፣ ጌጁን ሲያዩ፣ ዳገቱን ሲወጡ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«እዚህ ላይ ብሩሽ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ተወው» አለ ትንሹ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት። ማንንም አላስጠጋሁም።» ትንሹ ክንዳቸውን ደግፎ መረገጫው ላይ አስቀመጣቸው። እጁን አልለቀቁትም። ይቅርታ ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ፣ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚበቃ ቃል ያለው ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። በመጨረሻ የወጣው ሌላ ነበር።

«ትንሹ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ያን ቀን ሮጠህ የት ሄድክ?»

ሚስቴ ቀና አለች። ይህን ጥያቄ እስከዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሷም፣ እኔም። ሁላችንም ደንግጦ የሮጠ ነበር የመሰለን።

«ወደ ወፍጮ ቤቱ» አለ ትንሹ። «ወፍጮው በናፍጣ ነበር የሚሠራው። ለምኜ አንድ ጀሪካን ሰጡኝ። ተሸክሜ ዳገቱን ስመለስ እናንተ የላችሁም፤ ካሚዮኑ ብቻ ቆሟል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አልኩ።»

ወንድም ጋሼ የወንድማቸውን መዳፍ በሁለት እጃቸው ደብቀው ያዙት።

«ከባድ ነበር?» አሉት።

«ከባድ ነበር፣ ጋሼ» አለ፤ ጎንበስ ብሎም ግንባሩን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ።

እኔና ሚስቴ ትተናቸው ወደ ግቢው በር ሄድን፤ ሰው እንዳይገባ እዚያ ቆምን።